ከወይራው አርባ ሁለት እርምጃ

ያረጀ ብረት ከእርጥብ ጥቁር አፈር ሲነቀል የራሱ ሽታ አለው። ሰው ሁሉ ዝገት ነው ይለዋል። ዝገት ብቻ አይደለም። የታቆረ ውሃና የበሰበሰ ሣር አለበት፤ ልጅ ሆኜ ጥርሴ ሲወልቅ አፌ ውስጥ የቀረውን የደም ጣዕምም ያስታውሰኛል። ባለፈው ሳምንት የቤቴን አሮጌ አጥር አንሥቼ በብሎኬት ልተካ ወሰንሁ። ሽቦውን በጉጠት ቆርጬ ጠቀለልሁና ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄ ከመክሊት ጋር ቋሚ ብረቶቹን መንቀል ጀመርን። ሁለተኛው ብረት ወጥቶ መሬት ላይ ሲጋደም ያ ሽታ መጣ። ድጅኖዬን እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ።

«አባዬ፣ ደከመህ?» አለችኝ።

አልደከመኝም። ውሃ ላመጣ ብዬ ወደ ቤት ገባሁ። ስመለስ ሦስተኛውም ብረት ተጋድሟል፤ ግን ከሁለቱ በአንድ ክንድ ያጥራል። መክሊት በእግሯ አፈር እየገፋች ነበር። ቀና ብላ ፊቴን አየችና «ወጣልኝ» አለች።

እኔ በቤቴ ውሸት የማልታገሥ ሰው ነኝ። ልጆቼም ጎረቤቶቼም ይህን ያውቃሉ። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርሁም፤ የቀረውን ከመጻሕፍትና ከሰው አፍ ለቅሜ ያገኘሁት ስለሆነ ያወቅሁትን ነገር አጥብቄ እይዛለሁ፤ ሌላውም እንዲይዝ እጫናለሁ። ሌላ ቀን ቢሆን እዚያው አቁሜ እገሥጻት ነበር። ያን ዕለት ግን ጀሪካኑን አስቀመጥሁና «ለዛሬ ይብቃን» ብዬ ገባሁ። ያስገባኝ ስለ ራሴ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ለልጆቼ ነግሬያቸው አላውቅም፤ እነሆ እጽፈዋለሁ።

ያደግሁት ከጠዳ በታች፣ ወደ ኮላ ድባ በሚዘረጋው ሜዳ ላይ ነው። አባቴ የሞተው ገና አምስት ዓመቴ ሳለ ነበር። በመንደራችን ጫፍ በድሮው መንግሥት ጊዜ የተሠራ የችግኝ ጣቢያ ነበር። ጣቢያው ከተዘጋ ቆይቶ ችግኙ ደርቋል፣ የዘበኛው ጎጆ ፈርሷል፤ የቀረው የብረት አጥሩ ብቻ ነው። አሥር ዓመት ሲሞላኝ የጣቢያው መሬት ለአቅመ ደካሞች ተከፋፈለና አንዱ ጠርዝ ለእናቴ ለጥሩወርቅ ደረሳት። ከአጥሩ ወዲህ የእኛ አዲስ ማሳ ሆነ፤ ከአጥሩ ወዲያ የአያ ሙጬ የቆየ ማሳ ነው። ብረቱ ለትምህርት ቤቱ አጥር ይሆናል ተባለና እርሻ ሳይጀመር፣ ከሰኔ በፊት እንዲነቀል ተወሰነ። በእኛና በአያ ሙጬ መካከል ያለው መስመር አሥራ ዘጠኝ ቋሚ ነበረው። ከላይ ከአንዲት ወይራ ይጀምርና በየስድስት እርምጃው አንድ ብረት እያለ ወደ ታች ይወርዳል።

የሚነቅል ሰው ግን ጠፋ። የአገራችንን የደንቢያን ጥቁር አፈር የሚያውቅ በሰው አይፈርድም። በግንቦት እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ የልጅ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ያወጣል፣ የያዘውን አይለቅም። በመጨረሻ አያ ዘለቀ «እኔ እነቅለዋለሁ፤ የተከልሁት እኔ ነኝ» አሉ። ሰው ሳቀ። አያ ዘለቀ ጣቢያው ሲሠራ የቀን ሠራተኛ ሆነው አጥሩን የተከሉ ናቸው፤ ያን ጊዜ ግን አርጅተው ግራ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፣ ቀኙም ቢሆን ሰውን የሚለየው በአካሄዱ ነው፣ ወገባቸው አይታጠፍም። ቆራቢ ስለነበሩ ማንም ሲምሉ ሰምቷቸው አያውቅም። እናቴ ዘንድ መጥተው ጎንበስ ብሎ የሚሠራላቸው ልጅ እንደሚፈልጉ ነገሯት፤ እሷም እኔን ሰጠቻቸው።

አስኳላ ገና አልገባሁም። ጠዋት ጠዋት የኔታ ዘንድ ዳዊት እደግማለሁ፤ ከቀትር በኋላ ከአያ ዘለቀ ጋር አጥሩ ላይ እውላለሁ።

አሠራራቸው ልጅን የሚያሰለች ነበር። መጀመሪያ በብረቱ ዙሪያ በዶማ ትንሽ ጉድጓድ ያስቆፍሩኛል። ከወንዝ በጀሪካን ውሃ አምጥቼ እሞላዋለሁ። ከላይ ገለባ አልብሰን እንተወዋለን፤ እስከ ማግስቱ ማንም አይነካውም። በማግስቱ ብረቱን በሁለት እጃችን ይዘን አንዴ ወደ ወይራው፣ አንዴ ወደ ወንዙ እናወዛውዘዋለን። መሬቱ እንደሚጠባ ልጅ ከንፈር እየጮኸ ይለቀዋል። ከዚያ ሰንሰለት ከሥሩ እናስርና የባሕር ዛፍ አጣና አግብተን፣ ድንጋይ አስደግፈን ወደ ላይ እንፈነቅለዋለን። እኔ ከመቸኮሌ ብዛት ቶሎ ቶሎ ስጎትት አያ ዘለቀ አብረው ይንገዳገዱ ነበር። አንድ ቀን ቆም አሉና «ምነው አንተ ልጅ፣ ብረቱን ነው እኔን የምትነቅል?» አሉኝ።

ያን ሰሞን ወደድኋቸው። ከአባቴ ወዲህ እጁን እጄ ላይ ጭኖ ሥራ ያሳየኝ ወንድ አልነበረም። እጄ ማታ ድረስ ብረት ብረት ይሸታል፤ እናቴ በአመድ ታሳጥበኛለች፤ እኔ ግን ሽታው እንዲቀር አልፈልግም ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ከጉድጓዱ ነው።

የመጀመሪያው ብረት እንደወጣ አያ ዘለቀ ከትከሻቸው አቁማዳ አወረዱ። ውስጡ ከሰልና የተሰባበረ ሸክላ ነበር። እንደምንም በጉልበታቸው ተንበርክከው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ጉድጓዱ ውስጥ አስገቡና ሁለት እፍኝ ከሰልና ጥቂት ገል ጨመሩ። ከዚያ ደህናይቱን ዓይን ጨፍነው፣ በሞራው ዓይናቸው የሚያዩ እስኪመስል ድረስ አንጋጠው፣ በዝግታ እንዲህ አሉ፦ «ይህ የጥሩወርቅ። ያ የሙጬ።» አፈሩን መልሰው በእጃቸው መታ መታ አደረጉት።

የጠሩት የእናቴን ስም ነው።

በዚያው ሰሞን የኔታ ስለ መተተኛ አስተምረውን ነበር። መተተኛ ጥቁር ነገር ይዞ ይመጣል፣ ሰው በሚረግጠው መሬት ይቀብራል፣ የሰውየውን ስም ይጠራል፤ ስሙ የተጠራው ሰው ከስቶ ይሞታል ብለውናል። እኔ ደግሞ የተማርሁትን ሁሉ በማግስቱ መንገድ ላይ የማገኘው የሚመስለኝ ልጅ ነበርሁ። ጥቁር ነገር፣ እነሆ። ሰው የሚረግጠው መሬት፣ እነሆ። ስም፣ የእናቴ። አባቴ በምን እንደሞተ አጥርቶ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን መልሱን ያገኘሁ መሰለኝ። የአያ ዘለቀ ደግነት እንኳ ማስረጃ ሆነባቸው። መተተኛ ካልሆኑ ለሰው ልጅ ይህን ያህል ደግ የሚሆኑት ለምንድን ነው ብዬ አሰብሁ።

አልጠየቅኋቸውም። ይህን ስጽፍ ዛሬም ይቆጨኛል። አንድ ጥያቄ ብጠይቅ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያበቃ ነበር። እሳቸውም አልነገሩኝም፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ልጅ አያውቅም ብለው አላሰቡም። አሁን አባት ሆኜ ሳየው በብዙ ቤት ያለ ጥፋት ነው፣ በእኔም ቤት አለ፤ እናዛለን እንጂ ምክንያቱን አንናገርም።

ሁለተኛውንም ጉድጓድ እንዲሁ አደረጉ። ከዚያ ጉልበታቸው እንቢ አላቸውና አቁማዳውን ለእኔ ሰጡኝ። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ሁለት ሁለት እፍኝ እንድጨምር፣ ክንዴ እስከሚደርስ ወደ ታች እንድከተው አዘዙኝ፤ እሳቸው ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ዓይናቸው እኔ ዘንድ እንደማይደርስ አውቃለሁ። አቁማዳውን በሰጡኝ ቀን ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ሁለቱን የተደፈኑ ጉድጓዶች መልሼ ከፈትሁና ከሰሉንም ገሉንም አንድ ሳላስቀር ለቅሜ ወንዝ ውስጥ ጣልሁት። ከዚያ ወዲያ የተሰጠኝን ሁሉ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ውሃ ስቀዳ ወንዝ አወርደዋለሁ። በከሰሉ ፋንታ በየጉድጓዱ አፍ ተደፍቼ አቡነ ዘበሰማያት እደግምና አፈር እመልሳለሁ። ከዚያ ወዲህ ራሴን ያን ያህል ጻድቅ አድርጌ የቆጠርሁበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም።

ምግባቸውንም መብላት አቆምሁ። አያ ዘለቀ ሁልጊዜ ከኪሳቸው ዳቦ አውጥተው ትልቁን ቁራሽ ለእኔ ይሰጡኝ ነበር። አንድ ቀን ዞር ብዬ ስተፋው ድምፁን ሰሙ።

«ምነው፣ አልጣመህም?»

«ጾም ነኝ» አልሁ።

«በሃምሳው?» አሉ። ፋሲካ ካለፈ ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር፤ በዚያ ወራት ጾም እንደሌለ የሚጠባ ሕፃንም ያውቃል። «የኔታ አዲስ ጾም አወጡ እንዴ? ለእኔም ይንገሩኝ እንጂ፣ በስተርጅና እንዳልኮነን።»

እየሳቁ የራሳቸውን ቁራሽ በሉ። ቁራሼን ግን አልበሉትም፤ ድንጋዩ ላይ አስቀመጡልኝ። ጉንዳን በላው።

ስድስት ብረት እንደነቀልን በጠዳ ለቅሶ ወጣና አያ ዘለቀ ሄዱ። ሰባተኛውን ውሃ አጠጥቼ ብቻ እንድጠብቃቸው አዘዙኝ። እኔ ግን እሳቸው በሌሉበት ብዙ ከነቀልሁ ከእሳቸው ጋር የምውልበት ቀን ያጥራል ብዬ አሰብሁ። ውሃ ማመላለሱም ሰልችቶኛል። ደረቁን መሬት በድጅኖ ትንሽ ወጋ ወጋ አድርጌ ብረቱን ባለ በሌለ ኃይሌ ወደ አንድ ጎን ጣልሁት። ተንቀሳቀሰ፤ ደስ አለኝ። ወደ ሌላው ጎን መልሼ ስጥለው ቀጭ አለና ብረቱን እንዳቀፍሁ በጀርባዬ ወደቅሁ። አፈሩ ዳር ላይ ዝገት በልቶት ኖሯል። የታችኛው ቁራጭ መሬት ውስጥ እንዳለ ቀረ።

ከላይ የሚታየው የጣት ያህል ነው። በድንጋይ ቀጥቅጬ ዝቅ አደረግሁት፣ አፈር አለበስሁት፣ ገለባ በተንሁበት። አጭሩን ብረት ከተከመሩት ረጃጅሞች ሥር ከተትሁት።

በማግስቱ አያ ዘለቀ መጡና እንደ ልማዳቸው ብረቶቹን በእጃቸው እየዳሰሱ ቆጠሩ። አንዱ ላይ እጃቸው ቆመ። ጫፉን በአውራ ጣታቸው ዞሩት።

«ትናንት ብቻህን ነቀልህ?»

«አዎ።»

«ውሃ አጠጥተህ?»

«አዎ።»

«እሺ» አሉና ወደ ስምንተኛው ሄዱ።

ሥራው በግንቦት መጨረሻ አለቀ። አሥራ ዘጠኙም ብረት በሰው ትከሻ ወደ ትምህርት ቤቱ ተወሰደ። እኔ ግን ውሃ ልቀዳ በዚያ ባለፍሁ ቁጥር የተሰበረው ብረት ካለበት ቦታ እግሬ ይሸሽ ነበር። የምረግጠው ከሆነ የሚጮህ ይመስለኛል። እንዳልረግጠው ብዬ ከወይራው ጀምሬ እርምጃዬን እቆጥራለሁ፤ አርባ ሁለተኛው ላይ ስደርስ ወደ ጎን እዞራለሁ። ያን ቁጥር ከዳዊቴ የበለጠ ደግሜዋለሁ።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ እንደ ሊጥ ያብጣል። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ስንጥቁ ሁሉ ገጠመ፣ የጉድጓዶቹ ምልክት ጠፋ፣ ሣሩም በቀለ። አጥር የሚባል ነገር በዚያ ኖሮ የሚያውቅ አይመስልም ነበር።

አያ ሙጬ በሰኔ ጥማዳቸውን አውጥተው አረሱ። እናቴ ደርሳ ስታይ በታችኛው በኩል አራት ትልም ወደ እኛ ገብተዋል። አያ ሙጬ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን ደግሜ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም ታሪኩን የሰማ ሁሉ ክፉ ሊያደርጋቸው ይፈልጋል። አጥሩ በዚህ በኩል ያልፍ ነበር ብለው ከልባቸው አምነዋል። እናቴ ደግሞ ባል የሌላት፣ መሬቱ ገና በእጇ ያልሞቀ ሴት ናት። አራት ትልም ዘንድሮ ከሄደ ከርሞ ስምንት እንደሚሆን ታውቃለች። ሦስት ሽማግሌ ለመነች፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማሳው ላይ እንዲገናኙ ተቀጠረ።

ሽማግሌዎቹ በጭቃው ላይ ቆመው ሁለቱንም ሰሙ። ከዚያ አጥሩን የተከሉትም የነቀሉትም አያ ዘለቀ ናቸውና እሳቸው ይንገሩን አሉ። አያ ዘለቀ በዘንጋቸው ተደግፈው ቀረብ አሉ። እኔ ከእናቴ ጀርባ ነበርሁ።

«ዓይኔ እንደምታውቁት ነው» አሉ። «በዓይኔ አላሳያችሁም። ግን ይህ መሬት ምልክት እንደሚውጥ ስለማውቅ ብረቱ በወጣበት ሁሉ ከሰልና ገል አስቀብሬአለሁ። ከሰል አይበሰብስም። አንድ ክንድ ቆፍሩ፣ እሱ ይነግራችኋል።»

ያን ጊዜ ገባኝ። በአንድ አፍታ ሁሉም ነገር ገባኝ፤ ከሰሉም፣ ገሉም፣ የእናቴም ስም። ይህ የጥሩወርቅ፣ ያ የሙጬ። ድንበር እያካለሉልን ነበር። እኔ ወንዝ የጣልሁት የእናቴን መሬት ምስክር ነው።

ዶማ መጣ። ከመካከል ሁለት ቦታ፣ ከታች አንድ ቦታ አግድም ቆፈሩ። ጭቃውን በእጃቸው እያፈረጡ ፈለጉ። ምንም የለም። አያ ሙጬ በለሰለሰ ድምፅ ተናገሩ፤ ድምፃቸው መለስለሱ ከስድብ ይብስ ነበር።

«አያ ዘለቀ፣ እንግዲህ ዕድሜ ነው። ያልተደረገውን የተደረገ ያስመስላል።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «አያ፣ አንቱን መጠየቅ ይከብደናል» አለ። «ግን ከሰሉ የለም። እንግዲህ ወይ ይማሉልን፣ ወይ ተሳስቻለሁ ይበሉ።»

አያ ዘለቀ አይምሉም። በመማልና ቃላቸውን በማጠፍ መካከል ቆሙ፤ ዘንጋቸው ጭቃው ውስጥ እየሰመጠ ነበር። ፊታቸውን ወደ ሽማግሌዎቹ አላዞሩም። ወደ እኔ፣ ወይም እኔ እገኝበታለሁ ወዳሉት ወደ እናቴ ጀርባ አዙረው ቆዩ። አልጠሩኝም።

እኔም እናቴን ገፋ አድርጌ ወጣሁ።

«ከሰሉን እኔ ነኝ የጣልሁት» አልሁ።

«የት?» አለ ሽማግሌው።

«ወንዝ።»

«ምነው?»

«መተት መስሎኝ።»

ከዚያ አንደኛው ሽማግሌ በነጠላው አፉን ሸፈነ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። አያ ሙጬ ራሳቸው ሳቅ አመለጣቸው። እናቴ አልሳቀችም፤ የእጇን ጀርባ አፌ ላይ አሳረፈችው። አያ ዘለቀም አልሳቁም።

«በቀን ስንት ጊዜ ዳቦ ስሰጥህ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የመተተኛ ዳቦ ነው የምበላው ትል ኖሯል። ለዚያ ነው በሃምሳው የጾምህ?»

«አዎ፣ አያ።»

«ቀጥል። ሌላስ?»

ሌላ እንዳለኝ በምን እንዳወቁ አላሰብሁም። ስለ ሰባተኛው ብረት ተናገርሁ፤ ውሃ እንዳላጠጣሁት፣ እንደሰበርሁት፣ ቁራጩን እንደቀበርሁት፣ እንደዋሸሁም። ሽማግሌው ድጅኖውን ሰጠኝና «አሳየን» አለኝ።

ወይራው ሥር ሄጄ ጀርባዬን አስደገፍሁና መቁጠር ጀመርሁ። ጭቃው እግሬን ይይዘዋል፤ እንደ በጋው አያስኬድም። አርባ ሁለት ላይ ቆምሁና ድጅኖውን ተከልሁ። ጭቃ ነው። ትንሽ ወደ አያ ሙጬ በኩል ወጋሁ፤ ጭቃ ነው። ወደ እኛ ወጋሁ፤ አሁንም ጭቃ። ሰው ሁሉ ውሸቱ አላለቀም የሚል መሰለኝ። በአራተኛው ድጅኖው ቀጭ አለና እጄን ነዘረው።

ቆፈሩት። ቀይ ዝገት የለበሰ፣ እንደ ተሰበረ ጥርስ የተበላ ብረት ብቅ አለ። ያ ሽታ ወጣ። አያ ዘለቀ ዘንጋቸውን ለአንዱ ሰጥተው ጎንበስ ሊሉ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ዝገት ያዘለ አፈር በእፍኜ አድርጌ ወደ አፍንጫቸው ከፍ አደረግሁላቸው። አሸተቱና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሷ ናት» አሉ።

ከወይራው እስከ ብረቱ ጠፍር ተዘረጋ፤ በዚያው ቀጥታ እስከ ወንዙ ተወሰደ። አያ ሙጬ በታች በኩል ሦስት ትልም አልፈው ተገኙ፤ አራት አልነበረም። ከላይ፣ ወይራው አጠገብ፣ ለእኛ ያረሰልን ሰው አንድ ትልም ወደ አያ ሙጬ ገብቶ ኖሯል። እናቴ እሱን ስታይ ፊቷ ቀላ፤ ወዲያው እንደምትመልስላቸው ተናገረች። አያ ሙጬ ወደ አያ ዘለቀ መጥተው ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ነኩ። ስለ ዕድሜ የተናገሩትን ይቅር እንዲሏቸው ለመኑ።

ሰው ሲበተን እኔ ቆሜ ቅጣቴን እጠብቅ ነበር። አያ ዘለቀ ነገ ከቤታቸው ከሰል እንድወስድ፣ ቤቱ ክፍት መሆኑን ብቻ ነገሩኝ። ከቤታቸው። መተት ሠሪ ያልኋቸውን ሰውዬ ቤት ማንም ሳይኖር ገብቼ ከሰል ላወጣ።

በማግስቱ ጠፍሩ ሳይነሣ በየስድስት እርምጃው ቆፈርሁ። አሥራ ዘጠኙንም ጉድጓድ እኔ ቆፈርሁ፣ እኔ ከሰል ጨመርሁ። ሰባተኛው ላይ ብረቱን ላወጣ ስል ከለከሉኝ፤ ከሰሉን ከላዩ ላይ እንድጨምርና እንድተወው አዘዙ። በየጉድጓዱ ቃሉን ጮክ ብዬ እንድናገር አደረጉኝ። ይህ የጥሩወርቅ፣ ያ የሙጬ። በሥራው መካከል ዳቦ አወጡና ትልቁን ቁራሽ ሰጡኝ። በላሁ። ከዚያ ድንጋዩ ላይ አጠገባቸው ተቀምጬ ውስጤ የቆየውን ጠየቅሁ።

«ብረቷ አጭር እንደሆነች ያውቁ ነበር?»

«ጫፏን ዳሰስሁት እኮ። ስብራት ነበር። ግማሿ ሰባተኛው ጉድጓድ ውስጥ እንደቀረችም አውቄአለሁ።»

«ታዲያ ትናንት ለምን አልተናገሩም?»

«ልናገር ነበር» አሉ። «ካንተ አፍ ቢወጣ ብዬ ትንሽ ዘገየሁ።»

የኔታም ነገሩን ሰምተው እንባቸው እስኪወጣ ሳቁ ይባላል፤ ለእኔ ግን አልሳቁልኝም፣ ዳዊቴን ከመጀመሪያው አስደገሙኝ።

በመስከረም አስኳላ ገባሁ። አጭሯ ብረት በትምህርት ቤቱ በር አጠገብ ተተክላ ነበር። ሽቦው እሷ ጋ ሲደርስ ዝቅ ይላል፤ ልጆች በእሷ በኩል ይዘላሉ፣ መምህራን ማን እንዲህ አድርጎ ተከላት እያሉ ይበሳጫሉ። ስድስት ዓመት በእሷ ሥር አለፍሁ። ክፍል ውስጥ አንደኛ ወጥቼ ደረቴን በነፋሁ ቀን እንኳ ስወጣ እሷን አያለሁ።

እግዚአብሔር ይስጣቸው። ስለ ከሰሉ አይደለም የማመሰግናቸው፤ ስለ ዳቦውም ብቻ አይደለም። ሦስት ሽማግሌ ፊት ስማቸው ሊወድቅ ሲል፣ ሊያድናቸው የሚችለውን ነገር አፋቸው ውስጥ ይዘው፣ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ እስኪናገር ቆመው ጠበቁ። እኔ እንደዚያ ያለ ትዕግሥት የለኝም። ልጆቼ ሳይናገሩ እናገርላቸዋለሁ፤ ያጠፉትን ከእነሱ በፊት እደርስበታለሁ፤ መድረሴንም እንደ ትልቅ ነገር እቆጥረዋለሁ። መክሊት በእግሯ አፈር ስትገፋ ያየሁት የራሴን እግር ነው፤ ቀና ብላ ያየችው ግን የአያ ዘለቀን ፊት አልነበረም፣ የእኔን ነው። ያስዋሻት ያ ፊት ሊሆን ይችላል።

ሦስት ቀን ጠበቅሁ። ለእኔ ብዙ ነው። ምሳ ላይ ስለ አጥሩ አላነሣሁም፤ ከሰል አዘጋጅቼ በጣሳ ከበሩ ጀርባ አኖርሁ፤ ብሎኬት የሚደረድረውንም ሰው እሑድ ና አልሁት።

ዛሬ ጠዋት ይህን እየጻፍሁ ሳለ መክሊት በሩ ላይ ቆመች። ዩኒፎርሟን ለብሳለች፤ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛዋለች።

«አባዬ» አለች፣ «ሦስተኛዋ ብረት አልወጣችም። ተሰብራ ግማሿ ውስጥ ቀርታለች።»

አውቃለሁ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥሁት።

«የት ላይ?» አልኋት።

«ና ላሳይህ።»

ጣሳውን አንሥቼ ተከተልኋት፤ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።